«ሲስተር» የሚለው ስም አደራ ነው
ስለ ነርስነት ሙያ ሥነ ምግባርና ሕጋዊ ኃላፊነት የቀረበ ትምህርት



ሕዝባችን በሆስፒታልም ሆነ በጤና ጣቢያ የምታገለግለውን ነርስ «ሲስተር» ብሎ ይጠራታል። የታመመ ሽማግሌ እንደ ልጁ ልጅ የምትሆነውን ወጣት «ሲስተር፣ እባክሽ» ብሎ ሲለምን እንሰማለን። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለረጅም ዘመናት ሕሙማንን ያስታምሙ የነበሩት በአብዛኛው ገዳማውያት እኅቶች ስለ ነበሩ፣ ስሙ ከእነርሱ ወደ ሙያው ተላልፎ ወደ እኛም ደርሷል። ስለዚህ ሕመምተኛው ሳያስበው ትልቅ ነገር ይናገራል። በማያውቃት ሰው እጅ ላይ የወደቀ ደካማ፣ ያችን የማያውቃትን ሰው «እኅቴ» ይላታል። ስሙ ለምትጠራበት ሴት አደራ ነው፤ በዚሁ ሙያ ለሚያገለግሉ ወንድሞቻችንም እንዲሁ።

አንዳንዶች «ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ነው፤ በሀገረ ስብከታችን መጽሔት ምን ቦታ አለው?» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን የሁላችንም ጉዳይ ነው እንላለን። ከመካከላችን በአልጋ ላይ ተኝቶ የሰው እጅ ያላየ ወይም ወደፊት የማያይ ማን ነው? ከየቁምስናው ወደ ነርስነት ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችንም ራሷ በወሊሶ የቅዱስ ሉቃስ፣ በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታሎችንና በየገጠሩ ያሉ ክሊኒኮችን ይዛ ታገለግላለች። እንግዲህ ይህ ሙያ በእግዚአብሔርና በሕግ ፊት ምን እንደሚጠይቅ፣ እኛም ምእመናን ከዚህ ሙያ ጋር በምንገናኝበት ጊዜ ምን እንደሚጠበቅብን አብረን እንመልከት።

1. የሳምራዊው ምሕረትና ሥራው

ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ የተናገረውን ምሳሌ (ሉቃ. 10፡25-37) ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ግን በሳምራዊው ርኅራኄ ላይ ብቻ ቆመን እናልፋለን። ወንጌላዊው ከርኅራኄው በኋላ የተፈጸመውን ሥራ አንድ በአንድ ጽፎልናል። ሳምራዊው ወደ ቁስለኛው ቀረበ፤ ቁስሉን በዘይትና በወይን አክሞ አሰረ፤ በራሱ እንስሳ ላይ ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ አደረሰው፤ በዚያም አስታመመው። በማግሥቱም ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ ሕመምተኛውን በአደራ አስረከበ፤ ተጨማሪ ወጪ ቢኖርም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ።

በዚህ ውስጥ ነርስ የሆነ ሁሉ የዕለት ሥራውን ያገኛል። ወደ ሕመምተኛው መቅረብ፣ ቁስል ማጠብና ማሰር፣ ማጓጓዝ፣ የሌሊት ተረኝነት፣ ለተተኪው ርክክብ ማድረግ፣ ተመልሶ መከታተል በምሳሌው ውስጥ አሉ። ዘይትና ወይን በዚያን ዘመን ለቁስል የሚታወቁ መድኃኒቶች ነበሩ። ይኸውም ሳምራዊው ያዘነ ብቻ ሳይሆን የሚያደርገውንም የሚያውቅ ሰው እንደ ነበረ ያሳየናል። እውቀት የሌለው ርኅራኄ ሊጎዳ ይችላል፤ ርኅራኄ የሌለው እውቀትም ቁስለኛውን አይቶ በማዶ ያልፋል። ነርስ ሁለቱን በአንድ እጅ እንድትይዝ ተጠርታለች።

ሕግም ከዚህ ምሕረት ጋር የሚጣላ አይደለም። የታመመ ሰው ልብሱን አውልቆ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ አንዳንዴም ራሱን ስቶ በማያውቀው ሰው ፊት ይተኛል። የሚያክመው ሰው ደግ መሆኑን ለመመርመር ጊዜም አቅምም የለውም። ስለዚህ ኅብረተሰቡ ስለ እርሱ ሆኖ «ይህን ታደርጋለህ፤ ይህን አታደርግም» ብሎ ይደነግጋል። የሙያ ሕግ ደካማው ሰው በሌላው ጠባይ ላይ ብቻ እንዳይጣል የቆመ አጥር ነው።

2. የሙያው አመጣጥ

ሕሙማንን በአንድ ቤት ሰብስቦ ማስታመም ከክርስትና ጋር የቆየ ታሪክ አለው። በ4ኛው መቶ ዘመን ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ አቁሟል። በ16ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በግራናዳ ቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር፣ በሮም ቅዱስ ካሚሎስ ዘሌሊስ ተነሡ። ካሚሎስ (1550-1614 እ.ኤ.አ.) በወጣትነቱ ወታደርና ቁማርተኛ የነበረ፣ በእግሩ ላይም የማይድን ቁስል የነበረበት ሰው ነው። ራሱ በሮም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለደመወዝ ብቻ የሚሠሩ አገልጋዮች ሕሙማንን ምን ያህል ችላ እንደሚሉ አየ። በኋላ ተከታዮቹን ሰብስቦ፣ እናት አንድያ ልጇን በሕመሙ ጊዜ እንደምታስታምም አድርገው እንዲያገለግሉ አስተማራቸው። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ቅዱሳን የሕሙማን፣ የሆስፒታሎችና የነርሶች ጠባቂዎች ብላ ሰይማቸዋለች።

ዘመናዊው ሙያ ከፍሎረንስ ናይቲንጌል (1820-1910 እ.ኤ.አ.) ስም ጋር ይያያዛል። እርሷ እ.ኤ.አ. በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ወደ ስኩታሪ ሄዳ ስታገለግል ወታደሮቹን ከቁስላቸው ይልቅ የሚገድላቸው በጽዳት ጉድለት የሚመጣው በሽታ እንደ ሆነ ታየ። ንጽሕናን፣ አየርን፣ መዝግቦ መቁጠርን የሙያው መሠረት አደረገች፤ በ1860 እ.ኤ.አ. በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ምክንያት ሆነች። በሀገራችንም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር በነርስነት ሠልጥና ተመርቃለች፤ ከነፃነት በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ በወጣትነቷ በ1934 ዓ.ም. አርፋለች። የነገሥታት ልጅ የሕመምተኛን አልጋ ለማንጠፍ ዝቅ ማለቷ ለዚያ ዘመን ሰው ታላቅ ትምህርት ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በኦሮሞ ሕዝብ መካከል ወንጌልን የሰበኩት ካፑቺናዊው ጉልየልሞ ማሳያ፣ ሕዝቡ አቡነ መስያስ የሚላቸው፣ የፈንጣጣ ክትባት ይሰጡ እንደ ነበር ይታወቃል።

ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 እ.ኤ.አ. ለሙያው የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቀ፤ ደንቡም በየጊዜው እየታደሰ በ2021 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ወጥቷል። የሥነ ምግባር መምህራን በጠቅላላው አራት መርሖችን ያነሣሉ፦ የሕመምተኛውን ፈቃድ ማክበር፣ በጎ ማድረግ፣ አለመጉዳትና ፍትሕ። እነዚህ መርሖች ለክርስቲያን እንግዶች አይደሉም። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ስለ ተፈጠረ ፈቃዱ ይከበራል፤ ክርስቶስ በታመመው ውስጥ ስለሚጎበኝ (ማቴ. 25፡31-46) በጎ ይደረግለታል፤ አካሉ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ስለሆነ አይጎዳም፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ለሰው ፊት ማድላት ስለሌለ ድሃውና ሀብታሙ በአንድ ዓይን ይታያሉ።

3. ምስጢር መጠበቅ

አንድ ምሳሌ እናንሣ። በአንድ ቁምስና ውስጥ የምትኖር ነርስ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ ጎረቤቶቿ ይከብቧታል። «እገሌ እናንተ ዘንድ ተኝቷል አሉ፤ ምን ሆኖ ነው?» ይሏታል። ጥያቄው ከክፋት የመጣ ላይሆን ይችላል፤ በማኅበር፣ በዕድር፣ በጸሎት አብረው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ያች ነርስ አንድ ቃል ብትናገር፣ ያ ቃል እስከ ማታ መንደሩን ይዞራል። ሰውየው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት ከሆነ፣ ሥራውን፣ ትዳሩን፣ ልጆቹ የሚጫወቱበትን ግቢ ሊያጣ ይችላል። ከዚህም የከፋው፣ ሌላው በሽተኛ ይህን ሰምቶ ወደ ሕክምና መምጣቱን ይተዋል። በዚህ ዓይነት የአንዲት ሴት ወሬ ያላየችውን ሰው ሊገድል ይችላል።

መጽሐፈ ሲራክ ምስጢር የሚገልጥ ሰው ታማኝነቱን እንደሚያጣ ያስተምረናል (ሲራ. 27፡16)። የሀገራችን ሕግም ነገሩን በቀላል አይመለከተውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ደንግጓል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚገልጡ ሰዎችን ሲያስቀጣ ሐኪሞችን፣ አዋላጆችንና ነርሶችን በስማቸው ይጠራል። ምስጢሩ ሊገለጥ የሚችለው ባለጉዳዩ ሲፈቅድ ወይም ሥልጣን ያለው አካል በሕግ መሠረት ሲያዝ ነው።

ስለዚህ ለነርሶቻችን፦ «ደኅና ነው፤ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ጸልዩለት» ማለት በቂ መልስ ነው። ለእኛ ለምእመናን ደግሞ፦ አትጠይቋቸው። ነርስን የሕመምተኛ ምስጢር መጠየቅ ካህንን የኑዛዜ ምስጢር እንደ መጠየቅ ያለ ነውር መሆኑን ለልጆቻችን እናስተምር። የኑዛዜ ምስጢር በማንኛውም ምክንያት የማይፈታ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ባይሆኑም፣ ሁለቱም ራሱን በሌላው ፊት የገለጠን ሰው ይጠብቃሉ።

4. ፈቃድና እውነት

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን እንቢ ለማለት እንደሚችል ይናገራል። ይህም ሕመምተኛው ዕቃ አለመሆኑን ያስታውሰናል። መርፌ ከመውጋት በፊት «ይህ መድኃኒት ይህ ነው፤ ለዚህ ነው» ብሎ መንገር፣ ከመጋረጃ ውጭ ልብሱን አለማስወለቅ፣ ስሙን ጠርቶ ማነጋገር፣ ሽማግሌውን «አንተ» ሳይሉ «እርስዎ» ማለት ትናንሽ ነገሮች ይመስላሉ። ነገር ግን ሰው ክብሩን የሚያጣውም የሚመለስለትም በእነዚህ ነው።

በዚህ ረገድ በባህላችን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ሐኪሙ የማይድን በሽታ ሲያገኝ ቤተሰቡ በር ላይ ይቆምና «ለእርሱ እንዳትነግሩት፤ ተስፋ ይቆርጥብናል» ይላል። መርዶን እንኳ በጥንቃቄ፣ በሽማግሌ፣ በማለዳ የምናረዳ ሕዝብ ነን። ይህ ጥንቃቄ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ራሱ «ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እሞታለሁን?» ብሎ ሲጠይቅ ነርሷ ምን ትበል?

እኛ እንዲህ እናምናለን። ምርመራውን የመንገር ቀዳሚው ኃላፊነት የሐኪሙ ነው፤ ነርሷ ከእርሱ ቀድማ አትናገርም። ነገር ግን አትዋሽም። «ምን የሚያሳስብዎት ነገር አለ? ምን ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብላ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ጥያቄውንም ወደ ሐኪሙ ታደርሳለች። እውነት በአንድ ጊዜ እንደ ድንጋይ አይጣልም፤ ሕመምተኛው ሊሸከመው በሚችለው መጠን ይሰጣል። ሊሰማ የማይፈልግም አይገደድም። የሚፈልገውን ሰው ግን እውነቱን መከልከል የመጨረሻ ጊዜውን መስረቅ ነው። የተጣላውን የሚታረቅበት፣ ኑዛዜውን የሚያስተካክልበት፣ ንስሐ የሚገባበት፣ ምስጢረ ቀንዲልንና ቅዱስ ቁርባንን የሚቀበልበት ጊዜ ያ ነውና። ስንቶች «ለመልካም» በተነገራቸው ሐሰት ምክንያት ካህን ሳይጠራላቸው አልፈዋል!

5. ትጋትና ቸልተኝነት

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 መሠረት በአንድ ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፤ ባለመጠንቀቅ ወይም ግዴታውን ባለማወቅ በሚያሳይ ቸልተኝነት የሳይንሱን ወይም የጥበቡን ደንብ ቢጥስ ኃላፊ ይሆናል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲያስቀጣ፣ የሌላውን ሕይወት ወይም ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስም በአንቀጽ 559 ያስጠይቃል። ብዙ ለተሰጠው ብዙ ይፈለግበታል የሚለው የጌታ ትምህርት (ሉቃ. 12፡48) በሕግ ቋንቋ ሲነገር ይህን ይመስላል።

ነርሶች በትምህርት ቤት መድኃኒት ከመስጠት በፊት አምስት ነገሮችን እንዲያረጋግጡ ይማራሉ፦ ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ጊዜ። ሥራ በበዛበት ሌሊት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሕሙማን ተኝተው ሳለ፣ ይህን ማረጋገጥ አሰልቺ ይመስላል። እኛ ግን ይህ የጸሎት ያህል የተቀደሰ ሥራ ነው እንላለን። እጅ መታጠብ፣ የሙቀት መጠንን በእውነት ለክቶ መጻፍ፣ ያልለኩትን ለካሁ ብሎ አለመመዝገብ፣ በርክክብ ጊዜ አንዳች ሳያስቀሩ መንገር የፍቅር ሥራዎች ናቸው። ያልተለካን ደም ግፊት እንደ ተለካ አድርጎ የጻፈ ሰው በሐሰት መስክሯል፤ ምስክርነቱም በሌላው ሕይወት ላይ ነው።

ስሕተት ቢፈጠርስ? ሰው ነንና ይፈጠራል። የሁለት ሕሙማን መድኃኒት ተለዋውጦ ሊሰጥ ይችላል። በዚያች ደቂቃ ነርሷ በሁለት መንገዶች መካከል ትቆማለች። በአንዱ መንገድ ዝም ብላ ጠርሙሱን ትጥላለች፤ ማንም አላየም። በሌላው ወደ ሐኪሙ ሮጣ «ይህን አድርጌአለሁ» ትላለች። የመጀመሪያው መንገድ ሥራዋን የሚያድን ይመስላል፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ሊድን የሚችልበትን ጊዜ ያሳልፋል፤ ስሕተትንም ወደ በደል ይለውጣል። ሁለተኛው መንገድ ያሳፍራል፤ ነፍስ ግን ያድናል። ኑዛዜን የለመደ ክርስቲያን ይህን መንገድ ከማንም ይልቅ ሊያውቀው ይገባ ነበር።

በዚህ ላይ ለተቋማት ኃላፊዎች፣ የቤተ ክርስቲያንን ክሊኒኮች ለሚመሩትም ጭምር፣ አንድ ቃል አለን። ስሕተቱን በራሱ የተናገረውን ከደበቀው እኩል የምትቀጡ ከሆነ፣ ሁሉም መደበቅን ይማራል። ለስሕተቱ ምክንያት የሆነው የሰው ማነስ ወይም የመብራት መጥፋት እንደ ሆነም ጥፋቱን በአንዲት ተረኛ ላይ ብቻ አትጫኑ። ሕመምተኛው እውነቱን የማወቅ፣ ጉዳት ከደረሰበትም ካሣ የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህን መብት ማክበር የተቋሙ ግዴታ ነው።

6. ኅሊናና ሕይወት

በዘፀአት መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ስማቸው ተጽፎ የተላለፈልን ሁለት አዋላጆች አሉ፤ ሲፍራና ፉሐ ይባላሉ (ዘፀ. 1፡15-21)። የፈርዖን ስም በዚያ ምዕራፍ አልተጻፈም፤ የእነርሱ ግን ተጽፏል። ንጉሡ ወንዶች ሕፃናትን በመውለጃው ጊዜ እንዲገድሉ አዘዛቸው፤ እነርሱ ግን እግዚአብሔርን ፈርተው ሕፃናቱን አዳኑ።

ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት «የሕይወት ወንጌል» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ ታሪክ አንሥተው፣ ንጹሕ ሕይወትን በቀጥታ በሚያጠፋ ተግባር ከመተባበር መከልከል የኅሊና ግዴታ እንደ ሆነ አስተምረዋል። የሀገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ሕግ የማያስቀጣው ሁሉ ግን በእግዚአብሔር ፊት መልካም ሆነ ማለት አይደለም። ስለዚህ ካቶሊካዊት ነርስ በዚህ ተግባር እንዳትተባበር ኅሊናዋ ያዛታል።

ይህ ቀላል አይደለም፤ የሥራ ቦታን ሊያሳጣ፣ ከኃላፊዎች ጋር ሊያጋጭ ይችላል። ስለሆነም ሦስት ነገሮችን እንመክራለን። አንደኛ፣ ነርሷ የምትቀጠርበትን ተቋም ደንብ አስቀድማ ትወቅ፤ አቋሟንም በችግሩ ሰዓት ሳይሆን ቀድማ፣ በግልጽና በትሕትና ለኃላፊዋ ትናገር። ሁለተኛ፣ ተግባሩን እንቢ ማለት ሴቲቱን መተው አይደለም። ደም እየፈሰሳት የመጣችውን ሴት፣ ምንም ታሪክ ይኑራት፣ ፈጥና ትርዳ፤ በክፉ ዓይን አትያት፤ አትገሥጻት። በከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሙያ እርዳታን መንፈግ በወንጀል ሕጉም የሚያስጠይቅ ነው። ሦስተኛ፣ እኛ ምእመናን ስለ ኅሊናዋ የተጎዳችውን እኅት ብቻዋን አንተዋት፤ ያለ ዕድሜዋ ያረገዘችውን ልጅም ከቤት አናባርር። ከቤት ያባረርናትን ልጅ ሌላው እንዲያድናት መጠበቅ ግብዝነት ነው።

በሕይወት ፍጻሜም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። ሰውን ከሥቃይ ለማሳረፍ ብሎ መግደል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተከለከለ ነው፤ ራስን ለመግደል መርዳትም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 542 ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ጥቅም የማይሰጥና ከባድ ሸክም የሆነ ሕክምናን መተው ከመግደል የተለየ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን በግልጽ ታስተምራለች። ፒዮስ 12ኛ በ1957 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ሥቃይን የሚያስታግሥ መድኃኒት መስጠት ተገቢ እንደ ሆነ አረጋግጠዋል። ስለዚህ «ክርስቲያን ነውና ይታገሥ» ብሎ ማስታገሻ መንፈግ የእምነት ምልክት አይደለም። ሕመምተኛው ስለ ክርስቶስ በፈቃዱ የሚታገሠው ሥቃይ አለ፤ ሌላው በስንፍና የሚጭንበት ሥቃይ ግን መሥዋዕት አይባልም።

7. ፍትሕ፣ ለሕመምተኛውም ለነርሷም

ወረፋ አልፎ መግባትን፣ «የእኛ ሰው ነው» እያሉ አልጋ ማግኘትን፣ መርፌው በጊዜው እንዲሰጥ በእጅ ማስጨበጥን ብዙዎቻችን እንደ ብልሃት እንቆጥረዋለን። ይህ ጉቦ ነው፤ የሚቀበለውም የሚሰጠውም ይበድላል። አንዱ በዝምድና ሲቀድም፣ ዘመድ የሌላት የገጠር እናት ወደ ኋላ ትገፋለች። ነርስ ቅድሚያ የምትሰጠው ለታወቀው ሳይሆን ለባሰበት ነው። በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በፖለቲካ ልዩነት አድልዎ ማድረግም እንዲሁ የሙያው ክህደት ነው፤ ሳምራዊው ያዳነው ከሌላ ወገን የሆነውን ሰው ነበርና።

ነገር ግን ፍትሕ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሄድም። ነርሷም ሰው ናት። ያለ ጓንት ደም እንድትነካ፣ ያለ ዕረፍት ሌሊትና ቀን እንድትሠራ፣ በአስታማሚዎች እንድትሰደብ መተው ፍትሕ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኡጋንዳ ጉሉ በሚገኘው ካቶሊካዊ የላቾር ሆስፒታል የኢቦላ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ነርሶች ሕሙማንን ሲያስታምሙ እየተያዙ ሞቱ። ሠራተኞቹ በፍርሃት በተዋጡ ጊዜ የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ማቴው ሉክዊያ ሰብስበው አነጋገሯቸው፤ ራሳቸውም ከሕሙማኑ ሳይለዩ በዚያው በሽታ በዚሁ ዓመት ዲሴምበር ወር ላይ አረፉ። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ ሀገራችን ሲገባም ነርሶቻችን ከልጆቻቸው ተለይተው አገልግለዋል። እንዲህ ዓይነቱ መሥዋዕት በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ አሠሪው መከላከያ ባለማቅረብ የሚያስገድደው መሆን የለበትም።

8. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ሕሙማንን ስትጎበኙ የምታዩትንና የምትሰሙትን ነርሷ እንደምትጠብቀው ጠብቁ። በጸሎት ጊዜ የሕመምተኛውን ስም ለመጥራት ፈቃዱን ጠይቁ፤ የበሽታውን ስም ግን አትጥሩ። ጸበልና ጸሎት ከመድኃኒት ጋር እንደማይጣሉ አስተምሩ፤ ሐኪሙንና ከምድር የሚወጣውን መድኃኒት የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ ይነግረናል (ሲራ. 38፡1-15)። በተለይ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች «ተፈውሻለሁ» ብለው በራሳቸው እንዳያቋርጡ ምከሩ።

ካህን በማይደርስበት የሞት አደጋ ጊዜ ማንኛውም ክርስቲያን በውኃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ማጥመቅ እንደሚችል ለነርሶችና ለአዋላጆች አስረዱ። ሆኖም የሌላ እምነት ተከታይ የሆነውን ሕመምተኛ ድካሙን ተጠቅሞ ማግባባት፣ የወላጆችን ፈቃድ ሳይጠይቁ ልጃቸውን በስውር ማጥመቅ ለወንጌልም ለሙያውም ስድብ ያመጣል። የእርሱን የሃይማኖት አባት ሲጠይቅ መጥራት ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው።

በየቁምስናችሁም ያሉትን ነርሶች አስቡ። ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1992 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የዓለም የሕሙማን ቀን በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ይከበራል። በዚያን ቀን ስለ ሕሙማን ስንጸልይ የሚያስታምሟቸውንም በመንበረ ታቦቱ ፊት አቁመን እንባርካቸው። በተረኝነት ምክንያት እሑድ ከቅዳሴ የቀረችውን ነርስ «እምነቷ ቀዘቀዘ» ብላችሁ አትፍረዱባት፤ በዚያች ሰዓት ክርስቶስን በአልጋው ላይ እያገላበጠችው ሊሆን ይችላልና።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ሕግ ነርሷ ልታደርገው የማይገባትን ይነግራታል፤ ጥፋት ብትሠራም ይጠይቃታል። ነገር ግን እኩለ ሌሊት ላይ፣ ኃላፊ በሌለበት፣ መብራት በጠፋበት፣ ከጥግ ያለው ድሃ ሽማግሌ በደከመ ድምፅ «ሲስተር» ብሎ ሲጣራ፣ እንድትነሣ የሚያደርጋት ሕግ ብቻ አይደለም። በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚጣራው ማን እንደ ሆነ በእምነት ስላወቀች ነው። ያ አንድ ድምፅ የማይሰማበት አልጋ በሆስፒታሎቻችን እንዳይኖር እግዚአብሔር ይርዳን።

ጸሎት፦ የነፍስና የሥጋ መድኃኒት የሆንህ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ሕሙማንን ለሚያስታምሙ ሁሉ ንጹሕ እጅ፣ የነቃ ዐይን፣ የተዘጋ አንደበትና የተከፈተ ልብ ስጣቸው። በደከሙ ጊዜ አበርታቸው፤ በተሳሳቱ ጊዜ እውነትን ለመናገር ድፍረት ስጣቸው፤ ከሕመማችን ስንነሣም እነርሱን እንዳንረሳ አስበን። በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም፣ በቅዱስ ካሚሎስና በቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር አማላጅነት፤ አሜን።